ነጥብ የሌለበት መንገድ

ከስቶክሆልም በስተ ደቡብ፣ ቮርቢ ጎርድ ካለው ቤታችን መስኮት ትልቁ አውራ ጎዳና ይታያል። በብርዱ ወራት ዛፎቹ ሲራቆቱ ወለል ብሎ፣ በበጋ ደግሞ በቅጠል መሃል እየተቆራረጠ። ባለቤቴ ግን ማየት አያስፈልገውም ነበር፤ ድምፁን ሰምቶ ይናገራል። የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ «ዛሬ ይፈሳል» ይላል፤ ወይም «ዛሬ ታንቋል»። መኪናው ሲፈስ ድምፁ እኩል ነው። ሲታነቅ ይቆራረጣል፤ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ማርሽ። እሱ ሲሞት ከቤቱ መጀመሪያ የጎደለው ይህ ነው። ጎዳናው እንደ ድሮው ይጮኻል፤ ምን እንደሚል የሚነግረኝ ግን የለም።

በአገር ቤት የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ባለ ተሳቢ መኪና ከወደቡ ወደ መሃል አገር ይነዳል። እኔ ኮምቦልቻ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። የተዋወቅነው እዚያ ሲያልፍ፣ ሲያድር፣ እንደገና ሲያልፍ ነው። ካርታ ማንበብ አይችልም፤ ቢችልም አይፈልግም። «አንቺ ወረቀት ላይ ያለውን አገር ታስተምሪያለሽ፣ እኔ መሬት ላይ ያለውን እነዳለሁ» ይለኝ ነበር። እኔም «ወረቀቱ ላይ የሌለ ገደል ውስጥ የገባህ ዕለት ትፈልገኛለህ» እለዋለሁ። ወጣት ነበርን።

ስቶክሆልም ስንመጣ እኔ የአረጋውያን ቤት ሥራ አገኘሁ። እሱ የከተማ አውቶቡሶች በሚያድሩበት ጋራዥ ገባ፤ ያጥባቸዋል፣ ያስተካክላቸዋል፣ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ያዛውራቸዋል። በቀን ሠላሳና አርባ አውቶቡስ ይነዳል፤ አንዱንም ግን ከበር አያወጣም። «የአውቶቡስ ሹፌር ለምን አትሆንም?» ሲሉት ይስቅ ነበር። «በየመብራቱ ለመቆም? ይህማ መንዳት አይደለም፣ ወረፋ መጠበቅ ነው።» ለከተማ መንገድ ያለው ጥላቻ ሕመም ከመምጣቱ በፊትም ነበረ። ይህን የምጽፈው ሁሉን ነገር በሐኪሙና በእኔ ላይ እንዳልጥል ብዬ ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ አንድ ቀን ጋራዡ ውስጥ ደረቱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። ምርመራው ረዥም ነበር። ውጤቱን ልንሰማ በሄድንበት ቀን የተመደበልን አስተርጓሚ አልመጣም። ሐኪሙ ሰዓቱን አየ፣ በሩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። «ስዊድንኛዎ ጥሩ ነው። ይችሉ ይሆን?» አለኝ። እችላለሁ አልኩ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሲናገር ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ባለቤቴ ይመለከታል፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ባለቤቴ የሚያውቀው ስዊድንኛ የጋራዥ ስዊድንኛ ነው፤ ጎማ፣ ዘይት፣ ቁልፍ፣ ነገ ና። ሐኪሙ ሁለት ነገር ተናገረ። አንደኛው፤ የልቡ ደም ሥሮች ጠበዋል፣ ለቀዶ ሕክምና አይመቹም፤ ስለዚህ ጭንቀት ባለበት ቦታ፣ ሰልፍና ግርግር ባለበት መንገድ መኪና አይንዳ። ሁለተኛው፤ አንድ ቀን ሕመሙ በድንገት ከመጣ ጊዜ አይኖረውም፤ ስለዚህ የትም ቢሄድ ከሆስፒታል ከአንድ ሰዓት በላይ አይራቅ።

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። «ምን አለ?»

«ግርግር ይቅርብህ ነው የሚለው። ከተማ ውስጥ አትንዳ።»

«ይህን ለማወቅ ነው ሰባት ዓመት የተማረው?» አለና ሳቀ። ሐኪሙ ሳቁን ሲያይ ግራ ተጋባ። «የነገርኩትን በደንብ ተረድቷል?» ሲል ጠየቀኝ።

«ተረድቷል» አልኩት።

ውሸት ነው ብዬ አላሰብኩም። እንዲህ እናደርጋለን። ያደግሁበት ቤት ውስጥ አባቴ በጉበት ሲሞት በሽታውን ከእሱ በቀር ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። የታመመ ሰው ፊት «ትድናለህ» ይባላል፤ ሌላው ነገር ከበር ውጭ ይወራል። ያን ሳምንት ቬሊንግቢ ሰፈር ለሚኖሩ፣ በቤተ ክርስቲያን ለምናውቃቸው አንዲት ትልቅ ሴት ነገርኳቸው። እትዬ እንላቸዋለን፤ ብዙ ሞት ያዩ ናቸው።

«እትዬ፣ ልንገረው ወይስ ልተው?» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ሐኪሙ ያለውን።»

«በስመ አብ! አንቺ ልጅ፣ ለሕመምተኛ እንዴት ይነገራል? ልቡ የደከመን ሰው ልብህ ደክሟል ብለሽ ልትገድይው ነው? አፍሽን ያዢ፤ ዓይንሽን ግን ክፈቺ። አንቺ ካወቅሽለት ይበቃል።»

አንቺ ካወቅሽለት ይበቃል። ይህን ቃል ለአራት ዓመት ተሸክሜው ኖርኩ።

በሕመም ምክንያት ሥራ ሲያቆም ጡረታ የሚወጣ የጋራዥ ባልደረባው ያረጀ ሁስቢል በርካሽ ሰጠው። ሁስቢል ማለት አልጋና ምድጃ ያለው የቤት መኪና ነው፤ እዚህ አገር ሽማግሌዎች ይዘውት ይዞራሉ። ባለቤቴ ይዞት ሲመጣ ከፎቅ አየሁት፤ ነጭ ነው፣ ጎኑ ላይ ቡናማ መስመር አለው፣ ወደ ግራ ትንሽ ያዘነብላል። ስወርድ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እንደ ሙሽራ ቆሟል።

«ተሳቢ የለውም» አልኩት።

«ተሳቢው አንቺ ነሽ።» ቆይቶ ደግሞ አሰበና፣ «አይ፣ ረዳት ትሆኛለሽ» አለ።

የጭነት መኪና ረዳት ሥራው ብዙ ነው፤ ዋናው ግን መኪናው በቆመ ቁጥር ከጎማ ሥር ታኮ ማስገባት ነው። የእጅ ፍሬን አያምንም ነበር። ከጋራዡ አንድ የበርች እንጨት በሽብልቅ ቅርጽ ቆርጦ አመጣ። ሜዳ ላይ፣ ሱቅ በር ላይ፣ የትም ስንቆም ሞተሩን ሳያጠፋ «ታኮ!» ይላል። እኔ፣ የሃምሳ ዓመት መምህርት፣ ወርጄ አስገባለሁ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እንኳ በነጠላዬ ጎንበስ ብዬ ሳስገባ ያዩኝ ሴቶች ወር ሙሉ ሳቁብኝ።

መንገዱን መሥራት የእኔ ድርሻ ሆነ። ትልቅ የመንገድ አትላስ ገዛሁ። ወፍራም ደብተር፣ እርሳስና አንድ ክንድ የሚሆን ክር አዘጋጀሁ። ክሩን በመንገዱ ጥምዝ ላይ እያስተኛሁ ርቀት እለካለሁ። ከዚያ በደብተሩ ግራ ገጽ ላይ በትልልቅ ፊደል ለእሱ እጽፋለሁ፤ «ወደ ደቡብ ውጣ። ሶደርቴልዬን ካለፍክ በኋላ ወደ ስትሬንግኔስ። እዚያ ወደ ቀኝ፣ መንገድ ቁጥር 55። ኤንሾፒንግ መሃል አትግባ።» በቀኝ ገጽ ላይ መንገዱን በቀጭኑ እስላለሁ።

ከቮርቢ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ሁሉ ስቶክሆልምን በመሃሏ ሰንጥቆ፣ በድልድዮቹ ላይ ተሰልፎ ያልፋል። እኛ ግን ወደ ሰሜን ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ደቡብ እንወጣለን። የሜላረንን ሐይቅ በምዕራብ ዞረን፣ በገጠሩ መንገድ፣ በስንዴ ማሳና በቀያይ ጎተራዎች መሃል አልፈን ኡፕሳላ ዳር ብቅ እንላለን። በአንድ ሰዓት የሚደረስበት ሦስት ሰዓት ይፈጅብናል። ሐይቁ ሲጠብ የምንሻገረው ድልድይ ለጀልባ የሚከፈት ነው፤ መካከሉ ዞር ይልና መኪናው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። እዚያ ግን ቅር አይለውም። ታኮ አስገብቼለት፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ሲያልፉ ያያል።

«ይህስ ሰልፍ አይደለም?» አልኩት አንድ ቀን።

«ይሄ ወረፋው የሌላ ሰው ነው። እኛ ተመልካች ነን።»

ለእሱ የሐኪሙ ቃል አንድ ነበር፤ ከተማ አትግባ። እንደ ጾም ያዘው። ለእኔ ግን ሁለት ነበር፤ ከከተማ አርቂው፣ ከሆስፒታል አታርቂው። ሆስፒታል ያለው ደግሞ ከተማ ውስጥ ነው። ደብተሩ ላይ አጎንብሼ የምውለው ሁለቱን ቃል በአንድ መንገድ ላይ ለማስማማት ነበር። ከተማውን በዳሩ እናልፋለን፤ ግን ከዳሩ አንርቅም። በቀኝ ገጽ ላይ ሆስፒታል ያለበትን ቦታ ሁሉ በእርሳስ ትንሽ ነጥብ አደረግሁበት። ክሩን ከነጥብ ወደ ነጥብ እዘረጋለሁ፤ ከአንድ ሰዓት መንገድ ከበለጠ መንገዱን አጥፍቼ ሌላ እሠራለሁ። አራት በጋ እንዲህ ዞርን። ማንም አልጠረጠረም ብዬ ነበር።

አንድ ጊዜ ደብተሩን ገልጦ፣ «ይህ ነጥብ ምንድነው?» አለኝ።

ቶሎ የመጣልኝን ተናገርኩ። «ንጹሕ ሽንት ቤት ያለበት ቦታ ነው።»

ገጹን አገላበጠ። «ይሄ ሁሉ? እነዚህ ሰዎች ምን እየበሉ ነው?» ከዚያ ወዲህ ነጥብ አጠገብ ስንደርስ «ረዳት፣ አሁን ትሄጂያለሽ ወይስ እስከሚቀጥለው ትይዢዋለሽ?» እያለ ያሾፍብኛል። እኔም አብሬው እስቃለሁ።

አንዲት ልጅ ነው ያለችን። በዚያ ጊዜ ሩቅ ሰሜን፣ ኦስተርሱንድ ኮሌጅ ገብታ ነበር። እኛ በአማርኛ እናነጋግራታለን፣ እሷ በስዊድንኛ ትመልሳለች፤ ሦስታችንም ለምደነዋል። አባቷ ሥራ የተወው ወገቡን አሞት ነው ብዬ ነግሬያት ነበር። ለእሷም አልነገርኩም። ወጣት ናት፣ ትማር ብዬ። በአራተኛው በጋ ስልክ ደውላ፣ «ፓፓ፣ ሁልጊዜ በመኪና ትዞራለህ፤ እኔ ጋ ግን አትመጣም» አለችው። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ በርቶ ነበር። «መንገድ ሥሪ» አለኝ።

ሁለት መንገድ ሠራሁ። አንደኛው በባሕሩ ዳር ነው፤ የቭሌ፣ ሁዲክስቫል፣ ሱንድስቫል፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ። ነጥቦቹ እንደ መቁጠሪያ ተከታትለዋል። ግን ያን ጊዜ አውራ ጎዳናው ሱንድስቫልን በመሃሏ ነበር የሚያልፈው፤ በበጋ ሰልፉ የታወቀ ነው። ሁለተኛው በውስጥ ነው፤ ሳላ፣ ሙራ፣ ከዚያ ቁጥር 45 በጫካው መሃል ስቬግ ወደምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከዚያም ኦስተርሱንድ። ከተማ የለም፣ መብራት የለም፣ ሰልፍ የለም። ከሙራ በኋላ እስከ መጨረሻው ነጥብም የለም። ስቬግ ጤና ጣቢያ ብቻ ነው ያላት። ያን ገጽ ስስል ባዶው ቦታ ዓይኔን አመመኝ። ለምን ሳልኩት? ጠይቆኝ ነበርና። «በጫካው በኩልም መንገድ አለ አሉኝ፣ አሳዪኝ» ብሎኛል። የለም ማለት አልቻልኩም፤ አትላሱ ጠረጴዛው ላይ ነው።

ሁለቱንም አየ። ጣቱን በባሕሩ ዳር ላይ አስኬደ፣ መልሶም በጫካው ላይ። ከሙራ በላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«በዚህ በኩል ነጥብ የለም።»

«የለም» አልኩ።

«ምንም?»

«ምንም።»

ያኔ ልነግረው ይገባኝ ነበር። ቃሉ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ነጥቡ ሽንት ቤት አይደለም ብዬ ልጀምር። እሱ ግን ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። «ጫካ ሞልቶ ለሽንት ቤት ትጨነቂያለሽ?» አለ። ደብተሩን ዘጋው። «በዚህ እንሂድ።»

«የባሕሩ ይሻላል። ባሕር ታያለህ።»

«ባሕርን አሰብ ላይ ጠግቤዋለሁ።»

ሌላ ምክንያት ፈለግሁ። መንገዱ ይረዝማል አልኩ፤ አይረዝምም። ነዳጅ የለም አልኩ፤ አለ። ትክክለኛውን ምክንያት ሳልሰጥ የሰጠሁት ሁሉ አንድ በአንድ ወደቀ።

ሙራ ደርሰን እዚያ ባለው ሐይቅ ዳር አደርን። ጠዋት ቁርስ እየበላን «ዛሬ እዚሁ እንዋል» አልኩት። እምቢ አለ፤ ልጅቱ ምሳ ሠርታ ትጠብቃለች። ሲነሳ ጠረጴዛውን ተደግፎ ትንሽ ቆየ። «አመመህ?» አልኩት። «እርጅና ነው» አለኝ። መሪውን ሲጨብጥ ግን እያፏጨ ነበር።

ያ መንገድ ቆንጆ ነው። ይህንም መጻፍ አለብኝ። ጥድ፣ ጥቁር ኩሬ፣ እንደገና ጥድ። በሰዓት ውስጥ አምስትና ስድስት መኪና ብቻ ያገኘን ይመስለኛል። እሱ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ አንድ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ይነዳል። «ይሄ ነው መንዳት» አለ። እኔ ክሩን ጣቴ ላይ ጠቅልዬ የኪሎ ሜትር ሰሌዳዎችን እቆጥራለሁ። ሠላሳ። አርባ። ስልሳ። ሰማንያ ሲሆን ከኋላውም ከፊቱም ነጥብ የራቅን ሆነ።

መኪናውን አላወዛወዘም። ቀስ ብሎ ፍጥነት ቀነሰ፣ ጠቋሚውን መብራት አበራ፣ ወደ አንዲት ትንሽ ማረፊያ ገባ። የእንጨት ጠረጴዛ፣ የቆሻሻ በርሜል። ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ታኮ» አለ።

ወረድኩ። ለምን እንደወረድኩ ሁልጊዜ ራሴን እጠይቃለሁ። ልማድ ነው። እንጨቱን ከጎማው ሥር አስገባሁ፣ በእግሬም ገፋሁት። ስመለስ ከሹፌሩ ወንበር ተነስቶ ከኋላ አልጋው ላይ ተኝቷል። ሸሚዙ ላቡ ላይ ተጣብቋል። ፊቱ አመድ መስሏል። እኔ መንዳት አልችልም። በዚያ ጫካ ውስጥ ስልክ የለም። ሮጬ አስፋልቱ መሃል ቆምኩና ነጠላዬን አውለበለብኩ፤ ማንም የለም። ተመለስኩ፣ እጁን ያዝኩ፣ እንደገና ሮጥኩ። ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አላውቅም።

በመጨረሻ ግንድ የጫነ ትልቅ መኪና መጣ። ሹፌሩ ወፍራም፣ ጺማም ሰው ነው። አንድ ጊዜ አየው፤ ወደ መኪናው ሮጦ በሬዲዮ ተናገረ። ተመልሶ ከአልጋው አጠገብ ተንበረከከ። «ከስቬግ አምቡላንስ ይመጣል» አለኝ። «ስንት ይፈጅበታል?» ስለው ወደ ባለቤቴ ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ፤ ሃምሳ ደቂቃ ምናልባት። እሱም የእኛን ልማድ ያውቅ ይመስል።

ባለቤቴ ዓይኑን ገለጠ። የጋራዥ ስዊድንኛው ለዚያ አልበቃውም፤ ወይም በቅቶታል። ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ በደከመ ድምፅ ጠየቀኝ።

«ከነጥቡ ምን ያህል ርቀናል?»

ያን ጊዜ የተሰማኝን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬ ቀደድኩት። አሁንም አልጽፈውም። የመለስኩለትን ብቻ ልጻፍ። ጂኦግራፊ አስተምሬ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ በክር ለክቼ አውቀዋለሁ።

«ቅርብ ነው» አልኩት።

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሹፌሩ በትልቅ እጁ ትከሻውን ይዞለት ነበር። አምቡላንሱ ሲደርስ ገና ይተነፍስ ነበር። ስቬግ ሳንደርስ ትንፋሹ ቆመ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ አንዲት ነርስ ለልጃችን ደውላ እንድታረዳልኝ ፈቃዴን ጠየቀችኝ። አይሆንም አልኩ። ሞት በስልክ አይነገርም። ሰው ቤቱ ሄዶ፣ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ይዞት ነው የሚያረዳው። ራሴ ደወልኩ። «አባትሽን ትንሽ አሞት ስቬግ ቆመናል፤ አውቶቡስ ይዘሽ ነይ» አልኳት። ድምፄን አስተካክዬ ነበር።

ሦስት ሰዓት ያህል ተጉዛ መጣች። በር ላይ ቆሜ ስጠብቃት በአንድ እጇ ቦርሳ፣ በሌላው የወረቀት ከረጢት ይዛ ከአውቶቡስ ወረደች። ትስቅ ነበር። ለእሱ ብርቱካን ገዝታለታለች። ሲያመው ብርቱካን ይወዳል። ስታየኝ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ፤ እቅፍ አደረግኋት፤ ከረጢቱ በመሃላችን ተጨፈለቀ።

ያን ቀን ካለቀሰች በኋላ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ፣ በስዊድንኛ። «ማማ፣ ብርቱካን እንድገዛ ተውሽኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ብርቱካን ይዤ መጣሁ።»

ከቀብሩ በኋላ ስለ ልቡ ሰማች፤ እትዬ ናቸው ሳያስቡት የነገሯት። «እናትሽ አራት ዓመት ብቻዋን ቻለችው፣ ጀግና ናት» ብለው ሊያመሰግኑኝ። ልጄ ያን ቀን አላናገረችኝም። ለቅሶ ቤቱ በሰው ሞልቶ እኔና እሷ ብቻችንን ነበርን። ወደ ትምህርቷ ስትመለስ በር ላይ ቆማ፣ «እሱ ያለ ግማሹ ካርታ ነው መንገድ የመረጠው» አለችኝ። መጨረሻ ላይ «ከነጥቡ ምን ያህል ርቀናል?» ማለቱን ለማንም አልነገርኩም ነበር። ለእሷም ቢሆን ደበቅሁ። መደበቅ እንዲህ ነው፤ አንዴ እጅሽ ከለመደው የሚደበቀውን አይመርጥም።

ሁስቢሉ ስቬግ፣ ጎትተው ያቆሙበት ግቢ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ከአርባው በኋላ ልጄ ደወለች። መንጃ ፈቃድ አላት። «ሄደን እንውሰደው፤ መንገዱን አንቺ ትመሪኛለሽ» አለች። ድምፅዋ ደረቅ ነበር። ሄድን። ውስጡ እንደተውነው ነው፤ ሁለት ብርጭቆ፣ የፀሐይ መነጽሩ። ታኮውን የጎተቱት ሰዎች በሩ አጠገብ አስቀምጠውታል።

«በየት ነው?» አለችኝ ሞተሩን አስነስታ።

ደብተሩን ገለጥኩ። በገጹ ላይ ጫካው በግራ ነው፣ ባሕሩ በቀኝ። «ወደ ሁዲክስቫል። ከዚያ በባሕሩ ዳር። በየቭሌ፣ በኡፕሳላ፣ በስቶክሆልም መሃል።»

«በመሃል?»

«በመሃል።»

የከተማ ሰልፍ ውስጥ ስትገባ ትንሽ ትፈራለች፤ መኪናው ትልቅ ነው፣ ወደ ግራም ያዘነብላል። ስቶክሆልም የደረስነው ሰው ሁሉ ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት ነው። ከድልድዮቹ በአንዱ ላይ ታነቅን። ከታች ውሃ፣ በአንድ ወገን የሶደርማልም ደሴት ቋጥኝና ቤቶች፣ በፊታችን እስከ ዓይን መድረሻ ቀይ የፍሬን መብራት። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሬን። አሥር ዓመት ሙሉ በመስኮት የሰማሁት ድምፅ ውስጥ ገባሁ። መውጫ የለም። ምናልባት ለዚህ ነው የመረጥኩት።

«ሐኪሙ ያለውን ልንገርሽ» አልኳት።

ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም። የሐኪሙን ቃል እንዳለ፣ በራሱ በስዊድንኛ፣ ሁለቱንም ክፍል ነገርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ስድስት ዓረፍተ ነገር እንኳ አይሞላም። ከዚያ ነጥቦቹን ነገርኳት፣ ሽንት ቤቱን፣ ባዶውን ገጽ፣ የሳቀውን ሳቅ። ከዚያ መጨረሻ ላይ የጠየቀኝን፣ የመለስኩለትንም።

ከፊታችን ያለው መኪና ተንቀሳቀሰ። እሷ አልተንቀሳቀሰችም። ከኋላ ጡሩምባ ነፉብን።

«እና ያውቅ ነበር» አለች። በአማርኛ ነበር የተናገረችው። ከስንት ጊዜ በኋላ።

«አላውቅም። ምናልባት ቀድሞ ያውቅ ነበር። ምናልባት እዚያ አልጋ ላይ ነው የገባው።»

«ካወቀ ለምን በዚያ ሄደ?»

«አልጠየቅሁትም። መጠየቅ የምችለው እኔ የማውቀውን ከነገርኩት ብቻ ነበር።»

ማርሽ አስገባች። ጥቂት ሜትር ሄድን፣ ቆምን። ጉንጯን በእጅጌዋ ጠረገች። ይቅር አላለችኝም፤ እስከ ዛሬም በዚያ ቃል አላለችኝም። ከመንገዱ ዳር ቀይ መስቀል ያለበት የሆስፒታል ሰሌዳ ታየ፤ ቀስቱ ወደ ቀኝ ያመለክታል።

«ይኸው አንዱ» አልኩ፣ ሳላስበው።

«ስንት ደቂቃ ነው?»

አትላሱን አየሁ። «በዚህ ሰልፍ ሃያ። ያለ ሰልፍ ስምንት።»

«ቀጥዪ» አለች።

ቀጠልኩ። እስከ ቮርቢ ድረስ ያለውን ሁሉ፣ የቱ ጋ እንዳለና በስንት ደቂቃ እንደሚደረስ፣ አንዱንም ሳልቀንስ ነገርኳት። ፎቃችን ሥር ስንደርስ ሞተሩን አላጠፋችም። ምን እንደምትጠብቅ ስለገባኝ ወረድኩ፤ ታኮውን ከጎማው ሥር አስገባሁ።